የደሴቶቹ ተመራጭ

ሰኞ

ከዚያ ሁሉ ዕጣ እጄ እዚያችው ላይ አረፈ። በሲቪክስ ክላስ የአውሮፓ ፓርላማ ምርጫ እያስመሰልን ነው፤ ሁላችንም የደረሰንን የምርጫ ክልል ወክለን እንወዳደራለን። የኔ፦ የጣሊያን ደሴቶች። ሲሲሊና ሰርዲኒያ። ወንድሜ ሰዒድ ሲሲሊ ሊደርስ ሲል ነው ባሕር የበላው። ዛሬ ዘጠኝ ቀኑ።

ዕድሜህ አልፏል ተብሎ ከኛ ጋር ቪዛ ስላልተሰጠው ኮምቦልቻ ቀርቶ ነበር። እማዬ አልሰማችም፤ ሊቢያ ያለ ይመስላታል። አባዬ እንደወሰነው፣ አክስቴ ከዳላስ ስትመጣ ቅዳሜ መርዶ ይነገራታል። እስከዚያ አፌን መዝጋት አለብኝ።

ማክሰኞ

ሁለቱ ደሴቶች አንድ ክልል ናቸው። ሲሲሊ በሕዝብ ስለምትበልጥ ሰርዲኒያዎች ድምፃችን ተዋጠ ይላሉ። ስለዚህ እናገራለሁ። ባሕሩን አላነሳም።

እማዬ የደሴቶቹን ካርታ አየችና፣ "ይሄ ሁሉ ውሃ የማን ነው?" አለች። ካርታውን አጠፍኩት።

ረቡዕ

አመለጠኝ።

ደብሊን በዕጣ የደረሰው ማርከስ ንግግሬ መሃል ገባ። "ብሮ፣ ደሴትህ ለሽርሽር ካልሆነ ማን ይሄዳል?" ክላሱ ሳቀ።

"ወንድሜ ሄዷል" አልኩ። "ሳይደርስ ሰጠመ።"

ምርጫው ቆመ። ከሰዓት በኋላ መምህሬ ሚስ ኮል ጠርታኝ፣ "እናትህ ስልክ ስላላነሳች መልእክት ተውኩላት" አለችኝ። ለማጽናናት ብላ! መርዶ በማለዳ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ እንጂ በስልክ እንደማይነገር በየት በኩል ላስረዳት?

ቤት ስደርስ እማዬ ስልኳን ዘረጋችልኝ። የእንግሊዝኛ መልእክት የምተረጉምላት እኔ ነኝ። "ስማልኝ የኔ ጌታ፤ ስምህን ጠርታለች። ምን አጠፋህ ደግሞ?"

ድምፁን ከፍ አደረገችው። ሚስ ኮል ስለ ልጅዎ ሞት በጣም አዝናለሁ ትላለች። እማዬ አፌን ታያለች።

"ሶሪ አለች እኮ?"

"ስላላገኘችሽ ነው። ጎበዝ ልጅ አለሽ ትላለች።"

ፊቷ በራ። ላጠፋው ስል እጄን ያዘችኝ። "ተው! ሰዒድ ሲደውል አሰማዋለሁ።"

ሐሙስ

ጠዋት ብቻዋን ሆና መልእክቱን ስታዳምጥ አገኘኋት። ፈገግ ብላ፣ ሁለት ጊዜ።

ወደ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ለአባዬ ደወልኩ። ታክሲውን ይዞ ኤርፖርት ተሳፋሪ እየጠበቀ ነበር። ሁሉንም ነገርኩት። ይቆጣል ብዬ ነበር፤ አልተቆጣም። ከዚያ፣ "ነገ ከሱብሂ ሶላት በኋላ እንነግራታለን። አክስትህን አንጠብቅም" አለ።

ቀለለኝ። እንዲህ ባለ ነገር መቅለሉ ራሱ አስደነገጠኝ።

ነገ ትምህርት ቤት አልሄድም። ሽማግሌዎቹ ሲጨርሱ መልእክቱን እንደገና እተረጉምላታለሁ፤ እንዳለ። ይቅር ትለኝ ይሆን?