ልጄ የላከው መርፌ

ለወንድሜ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። እንዴት ሰነበትክ የምልህ ወጉ ስለሆነ እንጂ፣ ደህና መሆንህንስ ስልክ ላይ ሳቅህ ነግሮኛል። እኛም አልሐምዱሊላህ አለን። ሰላምታው እዚህ ላይ ይብቃኝ፤ ተናድጃለሁ።

መንገዱ እንደተከፈተ ደውዬ ምን ነበር ያልኩህ? የአባታችን መንጋጋ አብጧል፣ ጥርሳቸውን እኔው እነቅላለሁ፣ ክሊኒኩ ተዘርፎ ማደንዘዣ ስለሌለኝ አድሬናሊን የሌለበትን ላክልኝ አልኩህ። ሁለቴ አልኩህ። መርሳ በጦርነቱ ተዘግታ ስትከርም የግፊት ኪኒናቸው ተቋርጦ ግፊታቸው ጣራ ነክቷል፣ ልባቸውም አያስተማምንም አልኩህ። አንተ እሺ እሺ ብለህ አድሬናሊን ያለበትን ላክህ። ጭራሽ ሐኪሞች የሚመርጡት ይህንን ነው አልከኝ! እሱንማ እኔም አውቃለሁ። ቶሎ አይለቅም፣ ደምም ይቀንሳል፤ ያንተ ጥርስ ቢሆን ዓይኔን ሳላሽ እወጋህ ነበር። አድሬናሊን ልብ ያስሮጣልና በእሳቸው ልብ ላይ ግን አልደፍርም። መድኃኒት ቤት ስትውል ይህ ጠፍቶህ አይደለም፤ ስላላዳመጥከኝ ነው።

የባሰው ደግሞ ሌላ ነው። ሾፌሩ ሙሐመድዘይን ሳጥኑን ሲያመጣ አባታችን አስፋልት ዳር ወጥተው ጠበቁት። አንተም የመጣህ መስሏቸው ሚኒባሱ ውስጥ አጎንብሰው አዩ። ከዚያ ሳጥኑን አቅፈው ክሊኒክ መጡና፣ ልጄ በላከው ካልሆነ በሌላ አልወጋም አሉ። ላስረዳቸው ብሞክር ጆሮ አልሰጡኝም።

ምን ላድርግ? ዘራፊዎቹ ያላዩት፣ እኔም ከደወልኩልህ በኋላ ያገኘሁት፣ አድሬናሊን የሌለበት አንድ መርፌ መሳቢያ ጥግ ቀርቶልኝ ነበር። ጀርባዬን ሰጥቼ እሱን አዘጋጀሁና፣ ልጅዎ የላከው ነው ብዬ ወጋኋቸው።

እሱ ደግሞ ቶሎ ነው የሚለቀው። ድዳቸው አብጧል፣ የጥርሱ ሥር ጠማማ ነው፤ ግማሽ ላይ ስደርስ በእጃቸው ወንበሩን ጨመደዱት። አመመዎት ወይ ብላቸው አላመመኝም በሚል ራሳቸውን ነቀነቁ። እንባቸው ግን ጆሯቸው ድረስ ወርዷል። የምጨምርላቸው አልነበረኝምና እያለቀስኩ ነቀልኩት። ደሙም በስንት ጥጥ ቆመ።

ቤት ስንገባ ለጎረቤቱ ሁሉ፣ ልጄ በላከው መርፌ ሲነቀልልኝ አልተሰማኝም እያሉ አወሩ። ሁሉም መረቀህ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ እሰማለሁ። ሰው ሲወጣላቸው ጠሩኝና፣ መርፌው እንዳልያዘኝ ለልጄ እንዳትነግሪው፣ ይከፋዋል አሉኝ።

ይኸው ነገርኩህ። ይክፋህ።

የላክኸውን ለሌሎች በሽተኞች እየተጠቀምኩበት ነው፤ ሸጋ አድርጎ ይይዛል። ባዶ ሳጥኑን አባታችን ወስደው ራስጌያቸው አስቀምጠውታል።

አላህ ጤናህን ይጠብቅልኝ፤ እጅህንም ባዶ አያድርገው። ከጎኑ ያለው ጥርስም ጀምሯቸዋል። አድሬናሊን የሌለበት፤ ሦስተኛ ጊዜ ማለቴ ነው። ይህን ግን በሰው አትላክ፤ ራስህ ይዘህ ና።

ታላቅ እህትህ
ከመርሳ