ስለ ሩሚሳ ትከሻና ስለ ወላጆች ቀን ትርኢት

ለተከበሩ የስፖርት መምህር
ኮምቦልቻ

አሰላሙ ዐለይኩም። አላህ ጤናና ዕድሜ ይስጥዎ፤ ጉልበትዎም ሁልጊዜ በተፈጠረበት በኩል ብቻ ይታጠፍ። ከደሴ የምጽፍልዎ የተማሪዎ የሩሚሳ አያት ነኝ። ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ የማዋየው መጽሐፍ ብቻ ስለሆነ፣ ነገሬ ቢረዝም ይታገሡኝ።

አስቀድሜ ላመስግንዎ።

፩ኛ፦ የልጅቷ መገጣጠሚያ ከተፈጥሮው የላላ መሆኑን ከሐኪም ቀድመው አይተው «ላስቲኳ» የሚል ስም ስላወጡላት አመሰግናለሁ። ትምህርት ቤቱ ሁሉ በዚሁ ይጠራታል።

፪ኛ፦ ለወላጆች ቀን ትርኢት በተደረገው ልምምድ ጓደኞቿ ክንዶቿን ወደ ኋላ እንዲስቡላት አዘዋል። ትከሻዋ ሲወልቅ ተማሪው ያጨበጨበው የትርኢቱ ክፍል መስሎት ነው፤ እርስዎም አብረው በማጨብጨብ ስላበረታቷት ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው።

፫ኛ፦ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ለእንዲህ ያለ ሰውነት የሚበጀው መሳብ ሳይሆን ጡንቻን ማጠንከር ነው ብላ፣ ግድግዳ መግፋትን፣ ጉልበትን እስከ መጨረሻው ሳይገትሩ ቀስ ብሎ መቀመጥና መነሣትን፣ ሲያም ደግሞ ማቆምን አስተምራታለች። እርስዎ ይህን «የአሮጊት ስፖርት» ብለው ዜሮ ሰጥተዋታል። እኛን አሮጊቶችን ስላስታወሱን አላህ ይስጥልን።

ይህን የምለው ንጹሕ ሆኜ አይደለም። የሩሚሳ እናት፣ ልጄ ሳሊሃም፣ በልጅነቷ እንዲሁ ነበረች። ለመውሊድ እንግዳ ሲመጣ አውራ ጣቷን እስከ ክንዷ አሳጥፌ አስቅባት ነበር። ሲያማት ደግሞ ጅማቷ ተኮማትሮ ነው ብዬ ገራዶ ሰፈር ካለ ወጌሻ ዘንድ ወሰድኳት። እሱ በቅቤ እያሸ ሲስባት፣ ጠፍንጌ የያዝኳት እኔ ነበርኩ። እማ ልቀቂኝ እያለች ስትጮኽ አልለቀቅኳትም። እየተመላለስን ይህንኑ አደረግን።

ዛሬ ሳሊሃ የልጇን ፀጉር ለመጎንጎን እንኳ ክንዷ አይነሣላትም፤ ጁምዓ በመጣ ቁጥር የሐረጎን ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ ወርጄ ሩሚሳን የምጎነጉናት እኔ ነኝ። አንድ ቀን ወቅሳኝ አታውቅም። ብትወቅሰኝ በቀለለኝ።

ስለዚህ ሩሚሳ በመጪው ሳምንት ትርኢት ላይ እንዳትወጣ፣ የታዘዘላትን እንቅስቃሴም በስፖርት ክፍለ ጊዜ እንድትሠራ እንዲፈቅዱላት በታላቅ አክብሮት እለምናለሁ።

የልጅ ጩኸት ሰምተው ካልለቀቁት ወገን የሆንኩ፣ እርስዎም ከዚህ ወገን እንዳይቆጠሩ ዱዓ የማደርግልዎ፣

አክባሪዎ
ዐሊማ ኑርሁሴን

ማስታወሻ፦ የሩሚሳ ቦታ ባዶ መሆኑ ትርኢቱን የሚያበላሽ ከሆነ እርስዎ ራስዎ ይተኩላት። ክንድዎን የሚይዝ ሰው አይቸግርዎትም፤ እኔ እመጣለሁ። ቢጮኹም አልለቅም፤ ልምዱ አለኝ።