የልብስ ሰፊዋ ያልተቋጠረ ክር

በሰፈሩ ሁሉ «ሜትር» እየተባሉ የሚጠሩት ልብስ ሰፊ፣ ከአናጢው አባታቸውና ከልብስ አጣቢዋ እናታቸው፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ሰኔ አሥራ አንድ ቀን ተወለዱ። አርባ አንድ ዓመት ሊሞላቸው የቀራቸው ሃያ ቀን ብቻ ነበር። ለወላጆቻቸው አንድ ናቸው። የሰባት ዓመት ልጅ ሳሉ አባታቸው ስላረፉ በእናታቸው እጅ አደጉ።

ትምህርታቸውን በአቅራቢያቸው ባለው ትምህርት ቤት እስከ አሥረኛ ክፍል ተከታተሉ። መምህሩ ሲያስተምሩ እሳቸው ከጠረጴዛው ሥር የደንብ ልብሳቸውን ጠርዝ እየተረተሩ መልሰው ይሰፉ ስለነበር ብዙ ጊዜ ተቀጥተዋል። በአሥራ ሰባት ዓመታቸው ልብስ ስፌት ፋብሪካ ገብተው ለሰባት ዓመት ኮሌታ ብቻ ሰፉ። በሃያ አራት ዓመታቸው የቤታቸውን የፊት ክፍል ሱቅ አድርገው የራሳቸውን ሥራ ጀመሩ። የመለኪያው ሜትር ከአንገታቸው ስለማይወርድ ቅጽል ስሙ ያኔ ወጣላቸው። ከመንገድ ማዶ የሚመጣን ሰው ትከሻ በዓይናቸው ለክተው ይናገሩ ነበር፤ በአንድ ጣት እንኳ አይስቱም።

በሃያ ስምንት ዓመታቸው የአውቶቡስ ሹፌሩን አገቡ። ባለቤታቸው በአንድ ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ የተቀደደ ኪስ ይዘው በመምጣታቸው፣ «ኪሱን የሚቀድደው ራሱ ነው» እያሉ እስከ መጨረሻው ይስቁባቸው ነበር። ዛሬ አሥር ዓመት የሆናትን አንዲት ሴት ልጅም ወለዱ።

በዚህ ቤት ወረቀት አይጣልም ነበር። የልብስ ልክ የሚቆረጠው ከጋዜጣ፣ ከአሮጌ የቀን መቁጠሪያ፣ ከስሚንቶ ከረጢት ነበር። ስለዚህ ወደ ቤት የገባ ወረቀት ሁሉ ከስፌት መኪናው ሥር ወዳለው ሳጥን ይገባል። ይህ ልማድ በኋላ ባመጣው ነገር ምክንያት እዚህ ተጽፏል።

የዛሬ ሁለት ዓመት በመጋቢት ወር ለራሳቸው ቀሚስ ሊሰፉ ደረታቸውን ሲለኩ አንዱ ጎን በአንድ ጣት በለጠባቸው። ሜትሩ ተለጥጧል ብለው ጣሉትና አዲስ ገዙ። አዲሱም ያንኑ ተናገረ። ከጎረቤት ልብስ ሰፊ ሌላ ተውሰው ለኩ። በዓይናቸው የማይስቱት ሰው በሦስት ሜትር ለክተው አላመኑም። በመጨረሻ ሆስፒታል ሄደው ናሙና ሰጡ፤ ውጤቱ በደብዳቤ ወደ ቤት እንደሚላክ ተነገራቸው።

ደብዳቤው የመጣው በሚያዝያ ወር ማክሰኞ ረፋድ ላይ ነው። እሳቸው ቁልፍና ክር ሊገዙ ወጥተው ነበር። የተቀበለችው እናታቸው ናት። ማንበብ አትችልም ነበርና እንደማንኛውም ወረቀት ሳጥኑ ውስጥ ከተተችው። ሲመለሱ ልትነግራቸው አስባ ረሳች። ጎረቤት ስለ ውጤቱ ሲጠይቃቸው፣ ክፉ ቢሆን ኖሮ ይጠሩኝ ነበር ይሉ ነበር።

ከአራት ወር በኋላ አንዲት ደንበኛ የካፖርት እጅጌ ሊያስረዝሙ መጡ። የሜትር ባለቤት ቀደም ብሎ የተቆረጠውን የእጅጌውን ልክ ወረቀት በመስኮቱ ብርሃን ፊት ዘርግተው ሲይዙላቸው የሆስፒታሉ ማኅተም ታየ። ከማኅተሙ በላይ «በሦስት ቀን ውስጥ» የሚል ቀርቷል። ሌላው በመቀስ ሄዷል። ከዚያ እናታቸው፣ «እኔ ነኝ የከተትኩት» አለች። እሳቸው ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። በሽታው ግን ብብታቸው ደርሶ ነበር። በመስከረም ወር አንድ ጡታቸው ተቆርጦ ወጣ።

ከኅዳር ጀምሮ ሐሙስ ሐሙስ፣ በሆስፒታሉ ሁለተኛ ፎቅ፣ የተበላሹ ተሽከርካሪ ወንበሮች በሚቀመጡበት ክፍል፣ ይህ በሽታ ያለባቸው አሥራ ሁለት ሴቶች መሰብሰብ ጀመሩ። እያንዳንዳቸው ከአሮጌ አንሶላ አንድ ቁራጭ ወስደው በራሳቸው ላይ የደረሰውን በሥዕል፣ በጽሑፍና በጥልፍ ያወጡበታል። አትክልት ነጋዴዋ የደረታቸውን ጠባሳ በአረንጓዴ ክር የባቄላ ሐረግ አድርገው ጠለፉት። ጡረታ የወጡት መምህርት ለሄደው ጡታቸው «ለቀድሞ ጎረቤቴ» የሚል ደብዳቤ ጻፉ፤ ሳይሰናበት በመሄዱም አጥብቀው ወቀሱት። ሜትር ጥልፉን ለማያውቁት ሲያስተምሩ፣ «ቀስ በሉ፣ ዛሬ የሚቸኩለው ሐኪሙ ብቻ ነው» ይሉ ነበር።

ሴቶቹ አንድ ደንብ ነበራቸው። ክር አይቋጠርም። መርፌው ከነክሩ ጨርቁ ላይ ተንጠልጥሎ ያድራል፤ ባለቤቲቱ በሚቀጥለው ሐሙስ መጥታ እንድትቀጥል። ያልመጣችውን ሴት ጨርቅ ሌላዋ አትነካም። በመጀመሪያው ዓመት አጋማሽ የሚነካቸው ያጡ ሦስት መርፌዎች ግድግዳው ላይ ተንጠልጥለው ነበር። ባለፈው ጥቅምት፣ በሽታው ወደ ሜትር ሳንባ መሄዱ በታወቀበት ወር፣ አምስት ሆነው ነበር።

በዚያው ወር ሜትር ያንን የእጅጌ ወረቀት ከኪሳቸው አውጥተው ጨርቃቸው ላይ ሰፉት። ከሥሩም በቀይ ክር መጻፍ ጀመሩ። እናታቸውን፣ «ይህን ማንም እንዳያነብልሽ፤ ራስሽ ታነቢዋለሽ» አሏት። እናታቸው ጡቱ ከተቆረጠ ጀምሮ የጎልማሶች ትምህርት ገብታ ፊደል ትቆጥር ነበር። «እማ፣ ከወደቅሽ ወላጅ አምጪ ይሉሻል፤ ያው እኔ እመጣለሁ» እያሉ ያስቋት ነበር።

በጥር ወር እናታቸው ሐሙስ አብራቸው ወደ ክፍሉ ሄዳ «ወረቀቱን ከሳጥኑ» የሚሉትን ሁለት ቃላት አነበበች። ቀጥሎ ያለውን ለማንበብ ግን ፈራች። ልጇ ምን ብላ እንደከሰሰቻት የምታውቅ መሰላት። ከዚያ በኋላ በየሐሙሱ መነጽሩ አልሆነኝም አለች። እሳቸውም አልወቀሷትም። ጨርቁ ላይ መስመሩ እየረዘመ፣ እሳቸው እየሳሱ ሄዱ።

በግንቦት ወር የመጀመሪያው ሐሙስ ጨርቁን ወደ ቤት ይዘው መጡ። እናታቸው ስትገለብጠው መርፌው የለም። ክሩ ተቋጥሯል። ያን ጊዜ መነጽሯን አደረገች፤ አልጋው አጠገብ ተቀምጣ በጣቷ እየተከተለች ጮክ ብላ አነበበች።

«ወረቀቱን ከሳጥኑ አውጥቼ አንብቤዋለሁ። ፈርቼ በእጄ ቆረጥኩት። አንቺ አይደለሽም።»

እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ፤ የሳተችውን አንዲት ፊደል አረሙላት። ከዚያም፣ «የሕይወት ታሪኬን አንቺ ጻፊው። የወረቀቱን ነገር እንዳታልፊው» አሏት። ጥልፉ እውነቱን ይናገር እንደሆን ወይስ እናትን ለማሳረፍ የተጻፈ እንደሆን፣ እናታቸው አልጠየቀችም። እሳቸውም አልጨመሩም። እዚህ ያላችሁ ሴቶች ግን ስሙ፦ ከሁለቱ የትኛውም ቢሆን፣ አራት ወር ሄዷል።

ሜትር ግንቦት ሃያ አንድ ቀን ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ቤተሰባቸው በተሰበሰበበት፣ በፊት ክፍሉ ውስጥ ከስፌት መኪናቸው አጠገብ አረፉ። ባለቤታቸውን፣ አንዲት ልጃቸውን፣ እናታቸውንና ሐሙስ የሚጠብቋቸውን ስድስት ጓደኞቻቸውን ትተው ሄደዋል። ጨርቃቸው በሚቀጥለው ሐሙስ ወደ ክፍሉ ይመለሳል፤ የተሰቀሉትን መርፌዎች እባካችሁ ማንም አይንካ።

ከስፌት መኪናው ሥር ያለው ሳጥን እስከ ዛሬ ሙሉ ነው። እናታቸው ከላይ ጀምራ አንድ በአንድ እያነበበች ነው፤ ገና አልጨረሰችም።

አምላክ ነፍሳቸውን በሜትር በማይለካ ሰፊ ቦታ ያሳርፍልን። ለቀረነውም የመጣልንን ከፍተን የምናይበት ድፍረት ይስጠን።