ከጣልኩ በኋላ ወደ ጥግ አልመለስም

ይማምዬ፣

አንተ ከሄድክ ወዲህ ሦስተኛውን ረመዳን ጾመን ፈታን። አላህ ማረፊያህን ያስፋልህ፤ እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እናትህ ከግራና መጥተው መርሳ ከእኛ ጋር መኖር ከጀመሩ ከረሙ። የግቢያችን ማንጎ ዘንድሮ ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ አፍርቶ ጎረቤቱን ሁሉ አዳርሰናል። ልጃችን ሐያትም ትምህርት ቤት ገብታለች። ስትናደድ ግንባሯን የምትቋጥረው ልክ እንዳንተ ነው።

ትልቁን ወሬ ልንገርህ። ኪክቦክሲንጉን ትቼ ቡጢውም፣ እርግጫውም፣ ትግሉም የተቀላቀለበት ሚክስድ ማርሻል አርት ውስጥ ገባሁ። ፕሮፌሽናል ሆኛለሁ!

ወልድያ፣ በዚያች ጠባብ አዳራሽ ባጃጅህን በር ላይ አቁመህ የምረግጠውን ወፍራም ፓድ ስትይዝልኝ ትዝ ይለኛል። እግሬ ሲያርፍብህ ወደ ኋላ ትንገዳገድና «ወላሂ የበቅሎ እርግጫ ነው!» ብለህ ትስቅ ነበር። እኔ መጀመሪያ የወደድኩት ያንን ሳቅህን ነው። ደጋግመህ የምትነግረኝ ደግሞ አንድ ነገር ነበር፤ «ከጣልሻት ዞር በይና ወደ ጥግሽ ሂጂ። ቆጠራው የዳኛው ነው።»

እሱ ምክርህ ጉድ አደረገኝ፣ ይማም። አዲስ አበባ ላይ በመጀመሪያው ፍልሚያዬ ግራ እግሬ አንገቷ ላይ አረፈና ተጋጣሚዬ ተዘረረች። አዳራሹ ጮኸ። እኔም እንዳስተማርከኝ ዞሬ ወደ ጥጌ ተራመድኩ። የሚቆጥር ዳኛ ግን አልነበረም። በዚህ ስፖርት የወደቀን ቆመው አይጠብቁትም፣ ተከትለው ይጨርሱታል። ደንቡን ሳላውቀው ቀርቼ አይደለም፤ እግሬ የሰማው ያንተን ነው። ዞር ስል ልጅቷ ተነስታ ወገቤን ይዛለች። መሬት ላይ ጥላ አንገቴን አነቀችኝ፤ በእጄ ምንጣፉን መትቼ መሸነፌን አመንኩ።

እናትህ ፍልሚያውን በስልክ አይተውታል። ቤት ስገባ አንገቴን በቅቤ እያሹ «ልጄ፣ ወድቃ ሳለ ለምን ተውሻት?» አሉኝ።

«ይማም ያስተማረኝ እንዲያ ነው» አልኳቸው።

እጃቸውን ሳያነሱ «እሱ ያስተማረሽ ለዚያኛው ነው። ቢኖር ኖሮ ይኼንንም ተምሮ ያስተምርሽ ነበር። አብሽሪ» አሉኝ።

በሞትህ ሰሞን ያላለቀስኩትን ያን ቀን አለቀስኩት። ልማዱን መተው አንተን መተው ይመስለኝ ነበር። ፈቃዱን የሰጡኝ የወለዱህ እናትህ ናቸው።

ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት በሲሪንቃ መንገድ እየሮጥኩ፣ ከሰዓት ወልድያ ትግል ከሚለማመዱት ጋር ምንጣፍ ላይ ስንከባለል ከረምኩ። ከእኔ የቀለሉ ልጆች ደረቴ ላይ ተቀምጠው ያስጨንቁኝ ነበር። ቀስ በቀስ ጀርባዬ መሬት ነክቶም ሳልደነግጥ መተንፈስ ለመድኩ።

ባለፈው ወር ናይሮቢ ላይ ለሌላ ፍልሚያ ገባሁ። በመጀመሪያው ዙር ተጋጣሚዬ ከሥሯ አድርጋኝ ቆየች። ተነፈስኩ፣ ተንፏቅቄ የመፋለሚያውን የሽቦ አጥር ተደገፍኩና ተነሳሁ። በሁለተኛው ዙር ቀኝ እጄ አገጯ ላይ ሲያርፍ ወደቀች። ልዋሽህ አልፈልግም፣ እግሬ ዛሬም ዞር ሊል ጀምሮ ነበር። ከለከልኩት። ተከትያት ወረድኩ፤ ዳኛው መሀላችን ገብቶ እስኪያስቆመኝም አልተነሳሁም። እጄን ሲያነሳልኝ ሳቅኩ። ምቱ ያንተ ልፋት ነው፤ መከተሉን የተማርኩት እኔ ነኝ። አሁን ማንም ትምጣ፣ ቆሜም ተኝቼም እጠብቃታለሁ።

ስመለስ የባጃጅ ጓደኞችህ እስከ ውርጌሳ ወጥተው በጥሩምባ እያጀቡ አስገቡኝ። ሐያት ፊት ፊት በሚሄደው ባጃጅ ውስጥ ጭኔ ላይ ተቀምጣ «አባቴም ባጃጅ ነበረው?» አለችኝ። አንተ ስትሄድ ጡት እንኳ አልጣለችም ነበር፤ አታስታውስህም።

«ነበረው። እንዲያውም ከእነዚህ ሁሉ ፈጣን እሱ ነበር» አልኳት።

ሾፌሩ ሳቀ። አንተ እንኳን ሰው ልትቀድም፣ ጋሪ ይቀድምህ እንደነበር እሱም ያውቃል።

የቀረውን ግን ሳልጨምር ሳልቀንስ እነግራታለሁ። ምን እንደሚያስቅህ፣ ስትታመም እንኳ ልምምዴን ሳትጠይቅ እንደማታድር፣ እሷን ታቅፈህ እንዴት እንደምታንጎራጉር። እኔ በሕይወት እስካለሁ፣ ይማምዬ፣ ልጅህ አባቷን ሳታውቀው አታድግም።

ባለቤትህ፣ ዘይነባ
መርሳ