ከሩቅ ለሚመጣ ድምፅ አልታዘዝም

ውድ ልጄ ሮዛሊንድ፣

ይህን በእጄ የምጽፍልሽ ኮምፒውተሩ ስለተበላሸ አይደለም፤ ኮምፒውተሩ ደህና ነው። በእጄ የምጽፈው ባለፈው እሁድ በስልክ ስለዋሸሁሽ ነው። «ሁሉም ሰላም ነው» ብዬሽ ነበር። ሰላም አልነበረም።

የዋሸሁበትን ምክንያት ታውቂዋለሽ። በገና ከመሰላል ስወድቅ «እማዬ፣ አንድ ነገር ደግሞ ከተፈጠረ ቤቱን ዘግተን አደላይድ ከተማ እኔ ጋ ትመጫለሽ» ብለሽኝ ነበር። እነሆ አንድ ነገር ተፈጠረ።

ያለፈው ሳምንት ማክሰኞ ጠዋት የዝናብ መለኪያውን አይቼ ስገባ ስልኩ ጠራ። አንድ ትሑት ድምፅ «እመቤቴ፣ ኮምፒውተርዎ በቫይረስ ተይዟል። የምልዎትን አንድ በአንድ ከተከተሉ አድንልዎታለሁ» አለኝ።

እንደምትስቂብኝ አውቃለሁ። ግን እኔ የተማርኩት በሬዲዮ ነው፤ የቅርቡ ትምህርት ቤት የሁለት ቀን መንገድ ነበርና። እኔና አጎትሽ ኮሊን ወጥ ቤት ውስጥ ሬዲዮው ፊት ቀጥ ብለን እንቀመጣለን። ፊታቸውን አይተን የማናውቃቸው አስተማሪያችን ሚስ ትሬሎር «ገጽ አሥራ ሁለትን ግለጡ» ሲሉ እንገልጣለን፤ «አንብቢ፣ ሜርል» ሲሉ አነባለሁ። ተናጋሪው ሳይጨርስ ማቋረጥ በቤታችን ነውር ነበር። ስለዚህ ሰውየው «ይህን ይጻፉ» ሲለኝ ጻፍኩ፣ ፊደል በፊደል፣ ያለ አንድ ስሕተት። «እጅግ ጎበዝ ነዎት» አለኝ። ደስ አለኝ። ለመናዘዝ የከበደኝ ይህ ነው።

ለካ ያስጫነኝ እሱ ካለበት ሆኖ ኮምፒውተሬን የሚያዝበትን ፕሮግራም ኖሯል። እጄን ከማውሱ ላይ አንስቻለሁ፤ የስክሪኑ ቀስት ግን ብቻዋን ሄዳ የአያትሽን የዝናብ መዝገብ ከፈተች። አባቴ ከዓለም ጦርነቱ በፊት ጀምሮ፣ ከእሱ በኋላ ደግሞ እኔ፣ በየቀኑ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት የለካነውን፣ ሦስት ክረምት ሙሉ ተቀምጬ ከደብተሮቹ ወደ ኮምፒውተር የገለበጥኩትን። እዚህ የምኖረው ለዚያ መዝገብ ነው። የኢንተርኔቱን ገመድ ከግድግዳው ነቀልኩት።

«እመቤቴ! ምን እያደረጉ ነው?» ብሎ ጮኸ። ይህ ሁሉ ሆኖ እንኳ ስልኩን አልዘጋሁበትም። እሱ እስኪዘጋ ጠበቅሁ።

ባንኩን ካርዱ ላይ ባለው ቁጥር ወዲያው ደውዬ አስጠነቀቅሁ። ሐሙስ ፖስታ የምታመጣልን ኖሪን በመኪናዋ መጣች። ኮምፒውተሩን ስንከፍተው የማናውቃቸው ገጾች በላይ በላዩ ይከፈቱ ጀመር።

«አንቺ ሴትዮ፣ ለሌባው በር ከፍተሽ ሻይ አፍልተሽለታል እኮ!»

«ሻይ አላፈላሁለትም።»

«አሁኑኑ ለሮዛሊንድ ደውዪ።»

«ሞቼ ነው የምደውልላት!»

«ከሞትሽማ እኔው እደውልላታለሁ» ብላ ሳቀች። ሆኖም የይለፍ ቃሎቼን በሙሉ በእሷ ስልክ ቀየርን። ሰኞ ደግሞ ከቤቷ ንጹሕ ኮምፒውተር ላይ ፀረ-ቫይረስ በፍላሽ ይዛልኝ መጣች። መጀመሪያ ስንፈትሽ አሥራ አንድ ቫይረስ ተገኘ፤ አጠፋነው። ደግመን ስንፈትሽ ሦስት።

«ይኸው ነው፣ በቃ፣ እነዚህንም እናጥፋቸውና እንገላገል» አለች ኖሪን።

እኔ ግን ስሕተት ያለበትን ገጽ ቀድጄ እንደ አዲስ እንድጽፍ ነው የተማርኩት። «ሁሉንም እንጥረገውና ከባዶ እንጫነው» አልኳት።

«አብደሻል? የአባትሽስ መዝገብ?»

ዱቄት ማስቀመጫውን ከፍቼ፣ በፕላስቲክ ጠቅልዬ ያኖርኩትን ፍላሽ አወጣሁ። ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን እሰካዋለሁ፣ መዝገቡን እገለብጥባታለሁ፣ ነቅዬ እመልሳታለሁ። ሌባው ቤት ሲገባ እሷ ዱቄት ውስጥ ነበረች። ኖሪን የፕላስቲኩን ዱቄት በእጇ አራግፋ ወንበሯን ወደ ኮምፒውተሩ ሳበች።

ጠርገን እንደ አዲስ ጫንነው። ፍላሿንም ፈትሸን ነው የከፈትናት። የጎደሉትን ቀናት ከደብተሬ ላይ ጻፍኩ። ማሻሻያ በመጣ ቁጥር በራሱ እንዲጭን አደረግን። እኔ በየቀኑ የምገባበት መለያ ደግሞ ምንም ፕሮግራም መጫን አይችልም፤ የሚያስችለው የይለፍ ቃል በወረቀት ተጽፎ ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። ለመቸኮል እንዳይመቸኝ ብዬ ነው።

ትናንት ያው ድምፅ እንደገና ደወለ። «እመቤቴ፣ ባለፈው የጀመርነውን...» ሲል፣ ንግግሩ መሐል ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። በሰባ ስምንት ዓመቴ ሰው ላይ ስልክ ስዘጋ የመጀመሪያዬ ነው። ከዚያ ተነሥቼ ውሻውን አበላሁ።

እንግዲህ እውነቱን ሰምተሻል። ተታልያለሁ፤ አልካድኩም። ያበላሸሁትንም አስተካክያለሁ። ስለዚህ አደላይድ አልመጣም። በስልክ ልታግባቢኝ ካሰብሽ፣ መዝጋት እንደለመድኩ አትርሺ። ይልቅ በፋሲካ ነዪ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ መለኪያው ጋ ታገኚኛለሽ።

ዛሬ አራት ሚሊሜትር ዘነበ። በሁለት ቦታ ጽፌዋለሁ።

ከቤቷ የማትነቃነቀው እናትሽ፣
ሜርል