የማክሰኞዋ ካርቶን
የወ/ሮ ሲምረት ዘርአይ የሕይወት ታሪክ፣ 1952–2018 ዓ.ም.

ወ/ሮ ሲምረት ዘርአይ በመስከረም ወር 1952 ዓ.ም. በውቅሮ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው አቶ ዘርአይ ሃብተአብ የጨው ነጋዴ ነበሩ። እናታቸው ወ/ሮ ለተብርሃን ተኽለ ይባሉ ነበር። አባታቸው አሞሌ ጨው ሲገዙ አንዱን ሰብረው ውስጡን ሳያዩ አይከፍሉም። ሲምረት በልጅነታቸው አጠገባቸው ተቀምጠው ስብርባሪውን ይልሱ ነበር። ዋጋን መጀመሪያ የተማሩት እዚያ ነው።

በ1961 ዓ.ም. ከታላቅ ወንድማቸው ጋር ወደ አዲስ አበባ መጥተው ቂርቆስ ሰፈር አክስታቸው ቤት ገቡ። እዚያው ሰፈር እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። በሒሳብ የሚቀድማቸው አልነበረም። ከስምንተኛ በላይ አልቀጠሉም፤ ቤቱ ደመወዝ ይፈልግ ነበር።

በ1969 ዓ.ም. ሜክሲኮ አጠገብ ሐጂ ሙቅቢል በሚባሉ የመናዊ ነጋዴ ሱቅ በገንዘብ ተቀባይነት ተቀጠሩ። በዚያ ዘመን ከውጭ የሚገባ ዕቃ ጥቂት ነበር። ተምር ግን ለረመዳን በጆንያም ቢሆን ይመጣል። ሐጂ የልጅቷን ዓይን አይተው ከገንዘብ ሳጥኑ አስነስተው ጆንያው ዘንድ አቆሟቸው። «ተምር ዝምተኛ ነው፤ የሚለፈልፈው ማሸጊያው ነው። አንቺ ፍሬውን ጠይቂ» አሏቸው። ሲምረት ይህን ቃል እስከ መጨረሻው አልጣሉትም።

በ1976 ዓ.ም. የስልክ መስመር ሠራተኛ የነበሩትን አቶ ታዲዎስ ገብረኪዳንን በሥርዓተ ተክሊል አገቡ። ዮሃናንና አሉላን ወለዱ። አቶ ታዲዎስ በ1999 ዓ.ም. አርፈዋል።

በ1985 ዓ.ም. ካዛንቺስ የራሳቸውን ሱቅ ከፈቱ። ሁለት ክንድ የማይሞላ ሱቅ ነበር። መጀመሪያ በጆንያ የሚመጣውን ተምር እየመዘኑ ሸጡ። በኋላ ከውጭ የሚገባው ምርጥ ምርጡ ሲበዛ መጅዱል፣ ዓጅዋና ሱካሪ የሚባሉትን የተምር ዓይነቶች ያዙ። ካርቶን በከፈቱ ቁጥር ያጨበጭቡ ነበር። ስድሳ ዓመት አልፏቸውም ያጨበጭቡ ነበር!

አሻሻጣቸው እንዲህ ነበር። ከካርቶኑ ሥር ሁለት ፍሬ አውጥተው በቢላ ይሰነጥቃሉ፤ ያያሉ፤ ይቀምሳሉ። ከዚያ ተምሩን ያለ ካርቶኑ ይመዝናሉ፤ ካርቶን አይበላም። ጃምቦ፣ ማለትም ትልቁ ደረጃ፣ የተባለውን መጅዱል ገዢው ፊት ይቆጥሩታል። ኪሎው ውስጥ ከአርባ አምስት ፍሬ በላይ ከገባ የጃምቦ ዋጋ አይቀበሉበትም። የሚያብለጨልጨውን በሶፍት ይጠርጉታል። ሶፍቱ ከረጠበ ሽሮፕ ተቀብቷል፤ ለሽሮፕ የተምር ዋጋ አይከፈልም። ቆዳው ላይ ነጭ ነገር አይቶ የሚሸሸውን ገዢ ደግሞ እጁን ይይዙታል። «የገዛ ስኳሩ ነው፤ ዋጋ አስቀንስ እንጂ አትሽሽ!» ይሉታል። ዓጅዋ የመዲና ተምር ነውና በስሙ ይወደዳል። ለስሙ የመጣ ይክፈል፣ ለጣዕም የመጣ ግን ሱካሪውን ቀምሶ ይወስን ይሉ ነበር።

ከሁሉ በላይ የሚያስተምሩት ስለ ዓመቱ ነበር። ተምር የሚለቀመው በመስከረምና በጥቅምት ነው። አዲሱ እኛ ዘንድ የሚደርሰው ከኅዳር ወዲህ ነው። የአምናውም ይበላል፤ ዋጋው ግን የአምና መሆን አለበት።

በሱቃቸው በር ላይ ጥቁር ሰሌዳ ነበር። ለእያንዳንዱ ዓይነት ሦስት ዋጋ ይጻፍበታል፦ ተምሩ የተገዛበት፣ ቀረጥና መጓጓዣው፣ የእሳቸው ትርፍ። ከጎኑ ዓመቱ ይጻፋል። ይህን ያየ አንድ ነጋዴ መጥቶ «እትዬ ሲምረት፣ ጓዳችንን ለአገር አሳዩብን እኮ!» አላቸው። «ጓዳህን ጥረገዋ!» አሉት። ከዚያ ወዲህ የካዛንቺስ ሰው ሌላ ቦታ ተምር ሲገዛ «ሰሌዳው የታለ?» ማለት ለመደ።

በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ሰፈሩ ለልማት ሲነሣ ሱቃቸውም ተነሣ። ደንበኛው በየአቅጣጫው ተበተነ። እሳቸው ሰሌዳውን ይዘው ኦሎምፒያ ገቡ። የሽሮና የበርበሬ ሱቅ የነበረው የካዛንቺስ ጎረቤታቸው ሳላሀዲንም አጠገባቸው ተከራየ። እንደ ታናሽ ወንድም ያዩት ነበር። በሁዳዴ እሳቸው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለሚጾሙ፣ ተምር የሚቀምስላቸው እሱ ነበር።

በዚያ ዓመት ሁዳዴና ረመዳን በአንድ ሳምንት ገቡ። ሰኞ የካቲት 17 የሁዳዴ መጀመሪያ ነበር፤ ረመዳን ቅዳሜ ሊገባ ነው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ተምር ፈለገ። የዚያን ለት ጠዋት አርባ ካርቶን መጅዱል ደረሰ። ቀይ ካርቶን ነበር፤ ቁጥሩ ካርቶኑም የላይ ልባሱም ላይ ተጽፏል፣ የዓመቱ ምልክት ግን ሱቁ በሚቀረው ልባስ ላይ ብቻ ነበር። ሰው ገና ሳይራገፍ ተሰልፏል። ሲምረት በደስታ የሚይዙትን አጡ፤ ሁለት ጊዜ አጨበጨቡ። ሰነጠቁ፣ አዩ። መቅመስ ግን አልቻሉም፤ ጾም ይዘዋል። ሳላሀዲንን ጠሩት። እሱም በዚያ ሰኞ ከረመዳን በፊት ያለውን የሻዕባን ወር ጾም ይዞ ነበር። ሁለቱ ተያይተው ሳቁ። «በሁለት ጿሚ መሐል የገባ ተምር!» አለ ሳላሀዲን። ሰልፉ ዘጠኝ ሰዓትን አልጠበቀም፤ ሳይቀመስ ሰሌዳው ላይ «የዘንድሮ» ተብሎ ተጻፈ። በግፊያው መሐል መቅመሱ ተረስቶ በሦስት ቀን ውስጥ ሃያ ሁለት ካርቶን ተሸጠ።

ረቡዕ ከቀትር በኋላ ሳላሀዲን ጾም ስላልያዘ፣ አሁን ከተሸጠ ካርቶን ለማሳያ ከተሰነጠቀው አንድ ፍሬ አንስቶ አኘከ። ማኘኩን አቆመ።

«እትዬ፣ ይኼ እንደኔ ሸምግሏል። የአምና ነው።»

ሲምረት የካርቶኑን ልባስ ገለበጡ። በጥፍራቸው ምልክቱን ፋቁት። ከሥሩ ሌላ ምልክት ወጣ፤ ያለፈው ዓመት ነበር። የአርባዎቹን ልባስ፣ የተሸጠውንም ያልተሸጠውንም፣ መረመሩ። አሥራ ሰባቱ ምልክት ተደርቦባቸዋል። አሥራ ሰባቱም ተሸጠዋል።

«እትዬ፣ ተበልቶ ያልቃል እኮ፤ ማን ያውቃል?» አላቸው ሳላሀዲን። ሰሌዳውን አሳዩት። «እዚያ ላይ 'የዘንድሮ' ብሎ የጻፈው እጅ የማን ነው?» አሉ። የሠላሳ ሁለት ዓመት ስማቸው በዚያ አንድ ቃል ላይ ቆሞ ነበር። የቀሩትን ደህና ካርቶኖች መሸጥ አቆሙ። ገበያው በጦፈበት ሳምንት፣ ሰው በር ላይ እያንኳኳ፣ አንድም አልሸጡም።

ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሳላሀዲን በመስጊድ አስነገረላቸው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ተነገረ። ቃሉ አንድ ነበር፦ ከሰኞ እስከ ረቡዕ ኦሎምፒያ ከወ/ሮ ሲምረት ከገዛችኋቸው ቀይ ካርቶኖች አሥራ ሰባቱ የአምና ተምር ናቸው፣ የዘንድሮ ዋጋ ከፍላችሁባቸዋል፤ ካርቶኑን አሳይታችሁ የዘንድሮውን ውሰዱ፤ የበላችሁት ይባረክላችሁ።

ሰው መጣ! ከለገሃር መጣ፣ ከጀሞ መጣ፣ ካዛንቺስ ሳለ ደንበኛ የነበረ ሁሉ ባይገዛም ሊያይ መጣ። አንድ ወጣት «ማዘር፣ ፒስ ነው፣ ጨርሼዋለሁ፤ ተዪው በቃ» ብሎ ሊሄድ ሲል ኮሌታውን ይዘው አሸከሙት። አንዱ ደግሞ ቀይ የጫማ ካርቶን ይዞ ተሰለፈ። ሲምረት ክዳኑን ከፍተው አሸተቱና «ይህ መጅዱል አርባ ሁለት ቁጥር ነው» አሉት። ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። ለእሱም ሦስት ፍሬ ሰጥተው ሸኙት። በአሥር ቀን ውስጥ አሥራ ስድስት ካርቶን ተተካ።

አንዱ ቀረ።

ማክሰኞ በስድስት ሰዓት ግድም የገዛች ሴት ነበረች። ረዘም ያለች፣ ሰማያዊ ሻሽ ያሰረች። በዋጋው ተከራክራ፣ ሰሌዳውን አንብባ፣ «እሺ፣ አሸነፉኝ» ብላ የሳቀች። ለእናቷ እንደሆነና ወደ ወሎ ሰፈር እንደምትሄድ ተናግራለች። ስሟን አልጠየቋትም። አምናቸው ነበርና የገዛችው፣ ሲምረት ይህ ነገር አላስተኛቸውም። ልጃቸው ዮሃና ለሦስት ሳምንት ወሎ ሰፈር ታክሲ መያዣ ቆማ ፈለገች። አልተገኘችም።

ሲምረት አንድ ካርቶን «የማክሰኞዋ» ብለው ጽፈውበት ፍሪጅ ውስጥ አኖሩ። ኅዳር 2018 ዓ.ም. አዲሱ ምርት ሲገባ መጀመሪያ የከፈቱት ያንን ነው። የአምና ሆኗልና በአምና ዋጋ ሸጡት። በቦታው ከአዲሱ ቀምሰው፣ አጨብጭበው፣ «የማክሰኞዋ» ብለው ጽፈው ተኩ።

በታኅሣሥ ወር የጉበት ሕመም ጸናባቸው። ሆስፒታል ሳሉ ሳላሀዲን የታሸገ ዓጅዋ ይዞ ሊጠይቃቸው ሄደ። «ስንት አሉህ?» አሉት። ነገራቸው። ሦስት ቀን ያልተነሡት ሴት ቀጥ ብለው ተቀመጡ። «ሳላሀዲን! ይህን ሁሉ ዓመት ምን አስተማርኩህ?» «እትዬ፣ በሽተኛ ሊጠይቅ የሚሄድ ሰው ይከራከራል እንዴ?» «መልሰህ ውሰድ! ያለ ማሸጊያው አስመዝን!» ነርሷ ሮጣ መጣች። ሳላሀዲን ሄደ፣ አስመዘነ፣ አስቀንሶ ተመለሰ። አንድ ፍሬ በሉለት። በዚያ ሳምንት የበሉት ምግብ እሱ ብቻ ነበር። ከዚያ ዮሃናን ጠርተው «ሁዳዴና ረመዳን ዘንድሮም በአንድ ሳምንት ይገባሉ፤ ትመጣ ይሆናል፤ በሩን እንዳትዘጊ» አሏት።

ወ/ሮ ሲምረት ዓርብ ጥር 22 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ66 ዓመታቸው አረፉ። ሥርዓተ ቀብራቸው ዛሬ ቅዳሜ ጥር 23 ቀን በቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ይፈጸማል። ልጆቻቸው ዮሃናና አሉላ፣ ሦስት የልጅ ልጆች፣ ታላቅ ወንድማቸው አስመላሽ ዘርአይና ሳላሀዲን ቀርተዋል።

ሱቁ ሰኞ ይከፈታል። ካርቶኑ በቦታው አለ። ሰማያዊ ሻሽ ያሰርሽው ሴት፣ ከዚህ ለቀስተኛ መካከል ካለሽ፣ ዮሃና በግራ በኩል ቆማለች። የሚያውቃትም ካለ ይንገርልን። ባዶ ካርቶን ማሳየት አያስፈልግም። እህታችን ከአንቺ በቀር በዚህ ዓለም ከማንም ጋር የቀረ ነገር የላቸውም።

ሚዛኑ የማያዳላው አምላክ የሲምረትን ነፍስ ገልጦ ውስጧን አይቶ ይቀበልልን። አሜን።