ጉልበትዎን ተሻለዎት?

ለእታለም፣

እንደምን ከርመሻል? ባለቤትሽስ፣ ልጆቹስ፣ አክስታችንስ እንዴት ሰነበቱ? እኔ ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ። ስለ ጉልበትሽ ቆይቼ እጠይቅሻለሁ። ለምን እንደሆነ ስታነቢ ይገባሻል።

ባለፈው በስልክ ጤናሽን ስጠይቅሽ፣ "ዛሬ ደግሞ ማንን ልታስመርጠኝ ነው?" ብለሽ ሳቅሽ። እኔም ሳቅሁ። ጉልበትሽን ኦፕራሲዮን ልትሆኚ መሆኑን ግን በማግስቱ ከባለቤትሽ ሰማሁ። ለእኔ አልነገርሽኝም።

ሥራዬን በቅጡ አስረድቼሽ አላውቅም። ለምርጫ የሚወዳደር ሰው ይቀጥረናል፤ እኛ በር የሚያንኳኩለትን ወጣቶች እናሠለጥናለን። ምን ብለው እንደሚጀምሩ፣ የቱ ላይ ዝም እንደሚሉ፣ "ድምፅዎን ይስጡን" የሚለውን መቼ ጣል እንደሚያደርጉ። አማካሪ ይሉናል። እኔ በሙያው ስም ያተረፍኩት በአንዲት ጥያቄ ነው። በአንቺ ጥያቄ። አዛውንት ባየሽ ቁጥር "ጉልበትዎን ተሻለዎት?" ትዪ አልነበር? አሞኛል ያላሉሽ ሁሉ "እንዴት አወቅሽ ልጄ?" እያሉ ፊታቸው ይፈታል። አንቺ ከዚያ ገብተሽ ታሺያቸው ነበር። እኛ ጥያቄውን ወስደን ማሸቱን ተውነው። አሸነፍንበት።

ዘንድሮ ደግሞ ያኔ ያሸነፍነው ሰውዬ ቀጠረን። በእኛ ሙያ ነውር አይደለም፤ ጃኬት መቀየር ነው። ሰፈሩ ያው፣ በሮቹ ያው። ጥያቄውን እንቀይረው ብል አለቃዬ፣ "የሠራልንን ነገር ምን አስነካህ?" አለኝ። ያንኑ ጥያቄ ለአዲሶቹ ሠልጣኞች አስጠናሁ።

ሠልጣኞቹን አስከትዬ አንዲት ጡረተኛ ልብስ ሰፊ ቤት ወጣሁ። ላይኛው ፎቅ ነው የሚኖሩት። ባለፈው ሊፍቱ ይጠገንልዎታል ብለን ነበር ያስመረጥናቸው፤ ሊፍቱ ዛሬም በሩ በሽቦ እንደታሰረ ነው። "እማማ፣ ጉልበትዎን..." ከማለቴ፣ "ባለፈው በሰማያዊ ጃኬት መጥተህ ስትጠይቀኝ ተሽሎኝ ነበር" አሉ። "አሁን በቢጫው ስትመጣ ሊነሣብኝ ነው መሰለኝ።"

ሠልጣኞቹ በሳቅ ፈነዱ። ሴትዮዋ አልሳቁም። በሩንም አልዘጉብኝም፤ ይኸኛው ባሰብኝ። መዝጊያውን ይዘው ቀጥሎ የምለውን ጠበቁ። እኔም ከራሴ ጠበቅሁ። ከጥያቄው ኋላ ልመና ብቻ ነበር። ሌላ ምንም።

ስልክ ትቼ የምጽፍልሽ ለዚህ ነው። ድምፄ ለዚህ ሥራ ውሏል፤ ጤናሽን ስጠይቅሽ አንቺም ትለዪዋለሽ።

ባለቤትሽን፣ ስላሳበቀልኝ፣ አመስግኚልኝ። ትልቋን ልጅሽን ሳሚልኝ። አፈኛውን ደግሞ ምከሪው፤ እንደ አጎቱ አፉ እንጀራ እንዳይሆነው። አክስታችን ጆሮዋ ስለከበደ ሰላምታዬን ጮክ ብለሽ ንገሪያት።

የኦፕራሲዮኑን ቀን ንገሪኝ ልልሽ ነበር። እሱም ልመና መሰለብኝና ሰረዝኩት።

ጉልበትሽን ተሻለሽ፣ እታለም?

ወንድምሽ
ከደረጃው ሥር ካለችው ክፍሌ
ግንቦት ፲፪ ቀን